ትሪፕል ክራውን ምንድን ነው? ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን መሆን አይደለም!

ባለፈው እሑድ ከጋራዣችን ማዶ ባለች ቡና ቤት ተቀምጠን የፎርሙላ ዋን ውድድር እናያለን። አጠገቤ ያለ ሰው «ቨርስታፐን እኮ በ2023 ትሪፕል ክራውኑን ሞላ» አለ። አሽከርካሪው በዚያ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን ማለቱ ነው። ዝም አልኩ። ማኪያቶውን ፉት ብሎ ቀጠለ፤ «ሹማከርማ ሁለት ትሪፕል ክራውን አለው፣ አንድ ደግሞ ትርፍ።» ሰባቱን የዓለም ሻምፒዮንነት ለሦስት አካፍሎ መሆኑ ነው። ማካፈሉን አልተሳሳተም። የቀረው ሁሉ ስህተት ነው።

እሱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ ፍሬን ሸራ ሊያስቀይር የመጣ ደንበኛም መኪናው ሥር ተኝቼ ሳለ ረጋ ብሎ አስረድቶኛል። ከሥር ሆኖ መከራከር ደግሞ አይመችም።

ትሪፕል ክራውን የሚባለው አንድ አሽከርካሪ በዘመኑ ሦስት የተለያዩ ውድድሮችን ሲያሸንፍ ነው፦ የፎርሙላ ዋኑን የሞናኮ ግራንድ ፕሪን፣ የአሜሪካውን ኢንዲያናፖሊስ 500ን እና የለማን 24 ሰዓትን (ለማን የፈረንሳይ ከተማ ናት)። ሦስቱን ያሸነፈ ሰው እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነው፤ እንግሊዛዊው ግራሃም ሂል። ከሌሎቹ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኖች ሴና የለበትም፣ ሹማከር የለበትም፣ ሃሚልተን የለበትም፣ ቨርስታፐንም የለበትም። በአንድ ዓመት መሆኑም ግድ አይደለም፤ ሂል ሞናኮን መጀመሪያ ያሸነፈው በ1963፣ ኢንዲያናፖሊስን በ1966፣ ለማንን በ1972 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ሻምፒዮን ለሆነ ሁሉ «ዘውድ ደፋ» ይላሉ፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሦስት ዘውድ አለው፤ ሦስት ዘውድ ደግሞ በእንግሊዝኛ ትሪፕል ክራውን ነው። የእግር ኳሱ ወገን በበኩሉ «ትሬብል»ን ያመጣና በአንድ ዓመት ሦስት ዋንጫ ይመስለዋል። ሁለቱም የሚቆጥሩት ብዛት ነው። ነገሩ ግን የዓይነት ነው።

ልጅ ሆኜ ሠፈራችን ውስጥ አንዲት እትዬ ነበሩ። ዶሮ ሲበልቱ ቢላቸው አይስትም፤ ቡና ሲቆሉ አያሳርሩም፤ ጠላ ሲጠምቁ አይቆመጥጥባቸውም። ሠፈሩ በሙሉ «ባለሙያ» የሚላቸው ለዚህ ነበር። ዶሮ ወጥ ብቻ ሺህ ጊዜ አሳምሮ የሚሠራ ሰው ዶሮ ወጥ ይችላል እንላለን፤ በዚያ ብቻ ባለሙያ አንለውም። የቡና ቤቱ ወዳጄ ሹማከርን ያየው በዶሮ ወጡ ብዛት ነው።

ሞናኮ ዶሮ መበለት ነው። መንገዱ የከተማ ነው፣ 3.337 ኪሎ ሜትር፣ 78 ዙር፤ ግራና ቀኙ የብረት አጥር። በጣም በምትጠበው መታጠፊያ ላይ ያ ሁሉ ጉልበት ያለው መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ እየሄደ፣ መሪው እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ ነው የሚዞረው። ቢላው ለቅጽበት ስቶ ሐሞቱን ከነካ ድስቱ በሙሉ መራራ ነው። ሂል በዚህ መንገድ አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ በ1963፣ 1964፣ 1965፣ 1968 እና 1969። ሴና በ1993 ስድስተኛውን እስኪያገኝ ድረስ ይህን የበለጠ አልነበረም። ከአምስቱ እኔ የምወደው የ1965ቱን ነው። እየመራ ሳለ ከፊቱ ቀርፋፋ መኪና ገጠመውና ከአጥሩ ጋር ላለመላተም ወደ ማምለጫው መንገድ ገባ። ከዚያ ወረደ፤ መኪናውን በእጁ ገፍቶ አወጣ፤ ተመልሶ ገባ፤ አምስተኛ ሆኖ ጀምሮ አንደኛ ወጣ። መኪና ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ ትንፋሹ ምን እንደሚሆን ያውቃል።

በዚያው ሰሞን የዘመኑ ፈጣን ሰው የሚባለው ጂም ክላርክ ሞናኮ አልነበረም። ኢንዲያናፖሊስ ሄዶ ነበር፤ አሸነፈም። ሞናኮን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሸንፍ በ1968 በውድድር ላይ ሞተ። ሁለቱ ውድድሮች ለረጅም ዘመን በግንቦት መጨረሻ ላይ ሲጋጩ መኖራቸው የዚህ ጨዋታ ትልቁ እንቅፋት ነበር።

ኢንዲያናፖሊስ ቡና መቁላት ነው። እሳቱ ኃይለኛ፣ ነገሩ መዞር ብቻ። 4 ኪሎ ሜትር የምትሆን ሞላላ መንገድ፣ 200 ዙር፣ በድምሩ 805 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መታጠፊያው ሁሉ ወደ ግራ። «ወደ ግራ መዞር ምን ያቅታል?» የሚል ሰው ቡና ሲቆላ አይቶ «ማማሰል ምን ያቅታል?» እንደሚል ነው። የዛሬዎቹ መኪኖች ሰዓት ሲያስመዘግቡ የአንድ ዙር አማካያቸው በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ፍጥነት ለአፍታ ዓይንህን ካነሳህ አረረ።

እዚህ ላይ የሙያ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፍም። የኢንዲያናፖሊስ መኪና ሆን ተብሎ ተጣሞ ነው የሚሠራው። የኋላው የቀኝ ጎማ ከግራው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ መኪናው በራሱ ወደ ግራ ይጎትታል፤ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለ መኪና እኛ ጋ ቢመጣ ያለ ጥያቄ ወደ ጎሚስታው ነው የምንልከው። ሞናኮ ላይ የሠራ እጅ እዚህ እንዳዲስ ይማራል ስል ይህንን ማለቴ ነው።

ሂል እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው በ1966 ነው። ከ33ቱ ተወዳዳሪዎች 11ዱ ገና በመጀመሪያው ዙር ተላትመው ከጨዋታ ወጡ። ሂል ተርፎ ቀስ እያለ ወደ ፊት መጣ። ሊያልቅ አሥር ዙር ያህል ሲቀር ይመራ የነበረው ጃኪ ስቱዋርት የዘይት ግፊቱ ወረደበትና ቆመ። ሂል ውድድሩን የመራው የመጨረሻዎቹን አሥር ዙሮች ብቻ ነው። የክላርክ ቡድን ያሸነፍን እኛ ነን ብሎ የዙር ቆጠራ ክርክር ተነሳ፤ ውጤቱ ግን ለሂል ጸና። የሚያስቀው የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሽልማት ነው፤ ሂል ራሱ ጀማሪ ሆኖ አሸንፎ ሳለ ሽልማቱ የተሰጠው ለስቱዋርት ነበር።

(ያቺ ቀይ የዘይት መብራት በርታ «እስከ ቤት ታደርሰኛለች» የምትሉ ደንበኞቼ፦ ስቱዋርት ሚሊዮኖች የሚመኙትን ዋንጫ ሊወስድ አሥር ዙር ቀርቶት ቆሟል። እናንተ ከመገናኛ ሲኤምሲ ለመድረስ ነው ሞተር የምታነክሱት።)

ለማን ጠላ ነው። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት፤ አንድ ዙሩ 13.6 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2010 ያሸነፈው አውዲ በ24 ሰዓት ውስጥ 5,410 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ አዲስ አበባና ሞያሌን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ አድርጎ ገና የሚተርፈው ነው። ጠላ ብቻህን አትጠምቅም፤ ብቅሉን አንዱ፣ ጌሾውን ሌላው ያያል። ለማንም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ አንዱን መኪና ሦስት ሰዎች ይፈራረቁበታል፣ በ1972 ሁለት ነበሩ፤ ማንም ሰው ከ14 ሰዓት በላይ እንዲነዳ አይፈቀድለትም። ጥበቡ ፍጥነቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ማርሹንና ፍሬኑን እየቆጠቡ፣ በጨለማ ከአንተ በጣም የሚያዘግሙ መኪኖችን እየዘለሉ፣ መኪናውን ሳይጎዱ ለጓደኛ ማስረከብ ነው። ጋኑ ሌሊት ከተነካካ ጠዋት ኮምጣጤ ነው።

ሂል እዚህ ሲደርስ 43 ዓመቱ ነበር። በ1969 አሜሪካ ውስጥ ባጋጠመው አደጋ ሁለቱ እግሮቹ ተሰብረው ነበር፤ በፎርሙላ ዋንም ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነለትም፤ አለቀለት ያለው ብዙ ነው። በ1972 ከፈረንሳዊው አንሪ ፔስካሮሎ ጋር ማትራ ሲምካ የሚባል መኪና ይዞ ለማንን አሸነፈ። በ1975 ራሱ የሚያበርረው ትንሽ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ። የመኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣው 24 ዓመት ከሞላው በኋላ መሆኑን ስነግራቸው የጋራዡ ልጆች አያምኑኝም።

አሁን ወደ ወዳጄ ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ አልተረታም። ስልኩን ከፈተና «ይኸው! ሹማከር ኢንዲያናፖሊስ ላይ አምስት ጊዜ አሸንፏል» አለኝ። እውነት ነው፤ በ2000፣ 2003፣ 2004፣ 2005 እና 2006። ያሸነፈው ግን የፎርሙላ ዋኑን የአሜሪካ ግራንድ ፕሪ ነው። ቅጥር ግቢው አንድ ይሁን እንጂ መንገዱ ወደ ውስጥ እየገባ የሚጠማዘዝ ሌላ መንገድ ነበር፤ ሞላላውን የነካው በከፊል ብቻ ነው፤ አዟዟሩም የ500ው ተቃራኒ ነው። በእትዬ ማድ ቤት ሻይ ያፈላ ሁሉ ቡናቸውን ቆላ አይባልም። ሹማከር ኢንዲያናፖሊስ 500ን ተወዳድሮት አያውቅም። ለማን ሄዷል፤ በ1991፣ አምስተኛ ወጣ። ሞናኮን አምስት ጊዜ። ታላቅ ሰው ነው፤ ትሪፕል ክራውን ግን የለውም፤ ትርፍም የለውም።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ለማን ላይ በአንድ ጊዜ የተለያየ ምድብ ያላቸው መኪኖች ይሮጣሉ፤ በየምድቡም አሸናፊ አለ። ለትሪፕል ክራውን የሚቆጠረው ከሁሉም በላይ አንደኛ የወጣው ብቻ ነው። ኮሎምቢያዊው ሁዋን ፓብሎ ሞንቶያ ኢንዲያናፖሊስን በ2000 እና በ2015፣ ሞናኮን በ2003 አሸንፏል፤ ለማን ላይ ግን የነዳው በሁለተኛው ምድብ ስለነበር በዚያ መኪና የምድቡ አንደኛ ቢሆን እንኳ አይሞላለትም።

ደግሞም ዋንጫ የለውም። ሦስቱን ላሸነፈ የሚሸልም ማኅበር የለም፣ ገንዘብ የለም፣ የምስክር ወረቀት የለም። ሰዎች ተቀባብለው ያጸኑት ስም ነው፤ ስለዚህም በትርጉሙ ላይ ጭቅጭቅ አለ። አንዳንዶች በሞናኮ ፋንታ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮንነትን ይቆጥራሉ። በዚያኛው ስሌት ካናዳዊው ዣክ ቪልነቭ በጣም ቀርቦ ነበር፤ ኢንዲያናፖሊስ በ1995፣ የዓለም ሻምፒዮን በ1997፣ ከዚያም በ2008 ለማን ላይ ሁለተኛ! ሞናኮን ግን አሸንፎ አያውቅም። እኔ ከሞናኮ ወገን ነኝ፤ ሻምፒዮንነት የዓመት ድምር ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን የአንድ ውድድር ጉዳይ ናቸው፤ ሽሮና በርበሬ በአንድ ስፍር አይለኩም። ሂል በ1962 እና በ1968 የዓለም ሻምፒዮን ስለነበር በየትኛውም ብትቆጥሩት ያልፋል።

ሁለቱን ይዘው የቀሩት ብዙ ናቸው። ኑቮላሪ፣ ትሬንቲኛን፣ ብሩስ ማክላረን፣ ሪንት ሞናኮንና ለማንን አሸነፉ፤ ኢንዲያናፖሊስ ቀረባቸው። አሜሪካዊው ፎይት ኢንዲያናፖሊስን አራት ጊዜ፣ ለማንን በ1967 አሸነፈ፤ ሞናኮ ቀረው።

እንደ ሞንቶያ ሁሉ ዛሬ አንዱ ብቻ የቀረው ሌላው ሰው ስፔናዊው ፈርናንዶ አሎንሶ ነው። ዶሮ መበለቱን፣ ማለትም ሞናኮን፣ በ2006 እና በ2007 ተወጥቶታል። ጠላውን በ2018 እና በ2019 ከቶዮታ ጋር ጠምቋል፤ በሁለተኛው ዓመት እንኳ ይመራ የነበረው የራሱ ቡድን ሌላው መኪና ነበር፤ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር ጎማው ተነፈሰ፣ ሴንሰሩ ያልተነፈሰውን ጎማ አመለከተ፣ መካኒኮቹ ደህናውን ቀየሩ። (የሴንሰር ገመድ ስታስሩ ሁለቴ እዩ።) ቡናው ነው እንቢ ያለው። በ2017 ሞናኮን ትቶ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ፣ 27 ዙር መራ፣ 21 ዙር ሲቀረው ሞተሩ ጭስ ተፍቶ ቆመ። በ2019 ከ33ቱ ውስጥ መግባት እንኳ አቃተው። በ2020 21ኛ ወጣ። ሦስት ጊዜ ምጣዱን ጣደ፣ ሦስት ጊዜም ቡናውን ሳይቀምስ ተነሳ።