የፕሮሰሰር ክሎክ ስፒድ ምንድን ነው? ላፕቶፕ ላይ ጌም ለመጫወትስ ምን ያህል ይወስናል?

ላፕቶፕ ለመግዛት የተነሳ ሰው የዕቃውን መግለጫ ሲያነብ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በጊጋኸርዝ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፤ የሚገዛው ጌም ለመጫወት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጌሙም በዚያው ልክ የሚፈጥን ይመስለዋል። ክሎክ ስፒድ የሚባለው ይህ ቁጥር የሚናገረው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ ዋና ስሌት ሠሪ ክፍል፣ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ብቻ ነው። አንድ ጊጋኸርዝ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ምት ስለሆነ፣ በ4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በየሴኮንዱ 4 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚከናወን ግን ከቁጥሩ አይታወቅም።

ይህ የተዘለለ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የፕሮሰሰር አምራቹ የኢንቴል የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። ኩባንያው ፔንቲየም 4ን የነደፈው ምቱን ለማፍጠን ቅድሚያ ሰጥቶ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2004 እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ አደረሰው፤ 4 ጊጋኸርዝ ይገባል ብሎ ያሳወቀውን ግን በዚያው ዓመት ሰረዘው። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ በ2.4 ጊጋኸርዝ እየመታ ፔንቲየም 4ን በጌምም ሆነ በሌላ ሥራ በለጠው፤ ምክንያቱም በአንድ ምት የሚያከናውነው ሥራ እጅግ ይበዛ ነበር። ስለዚህ የሁለት ፕሮሰሰሮችን ጊጋኸርዝ ማወዳደር የሚያስኬደው ሁለቱም የአንድ ትውልድና የአንድ ንድፍ ሲሆኑ ነው።

ጌም ውስጥ ምቱ የት እንደሚውል ለማየት አንዲትን ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ በተከታታይ ከሚታዩት ምስሎች አንዷን፣ ቀረብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ጌሙ በሴኮንድ 60 ፍሬም እንዲያሳይ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። በዚህች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ተጫዋቹ የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነ ያነባል፣ ጠላት ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል፣ ጥይቱ ግድግዳውን መምታት አለመምታቱን ያሰላል፣ በመጨረሻም ምን ምን መሳል እንዳለበት ትእዛዝ አዘጋጅቶ ለግራፊክስ ካርዱ ያስረክባል። ከዚህ ሥራ ብዙው አንዱ ካላለቀ ሌላው የማይጀመር ስለሆነ ለስምንት ኮሮች፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሳቸውን ችለው ለሚሠሩ ክፍሎች፣ እኩል ሊከፋፈል አይችልም፤ የአንድ ኮር ፍጥነት፣ ክሎክ ስፒድም ጭምር፣ በጌም ውስጥ ዋጋ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ ይህ ማለት ለእያንዳንዱ ፍሬም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለም መስጠት ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ድርሻውን በ8 ሚሊሴኮንድ ጨርሶ ግራፊክስ ካርዱ 20 ሚሊሴኮንድ ከፈጀ፣ ጌሙ በሴኮንድ ከ50 ፍሬም አያልፍም። ክሎክ ስፒዱ ጨምሮ 8ቱ ወደ 6 ቢወርድም ያው 50 ነው። በአንጻሩ አንድ ሰው በሴኮንድ 144 ፍሬም የሚፈልግ ከሆነ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ ከ7 ሚሊሴኮንድ በታች ስለሚሆን፣ ግራፊክስ ካርዱ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ያ 8 ሚሊሴኮንድ የፈጀ ፕሮሰሰር ማነቆ ይሆናል። በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱባቸው የስትራቴጂ ጌሞችም ፕሮሰሰሩን ይበልጥ ያስጨንቃሉ። ማነቆው የትኛው እንደሆነ ለመለየት የጌሙን ሪዞሉሽን፣ ማለትም የሚሳሉትን ነጥቦች ብዛት፣ ዝቅ ማድረግ በቂ ነው፦ ፍሬሙ ከጨመረ የዘገየው ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ ካልጨመረ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው።

ካሽ የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማስታወሻም ሊዘነጋ አይገባም። የኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ከፍተኛው ፍጥነቱ 4.5 ጊጋኸርዝ ሲሆን የ5800ኤክስ ግን 4.7 ነው፤ ይሁንና የመጀመሪያው በ32 ፈንታ 96 ሜጋባይት ካሽ ስላለው በብዙ ጌሞች ይበልጣል።

ላፕቶፕ ላይ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሙቀት ነው። ለምሳሌ የኢንቴል ኮር አይ7-12700ኤች እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ ይደርሳል ቢባልም የዋና ኮሮቹ መነሻ ፍጥነት 2.3 ነው፤ በሁለቱ መካከል የት እንደሚቆም የሚወስኑት የላፕቶፑ ፋን፣ የአካሉ ውፍረትና አምራቹ የፈቀደለት ዋት ናቸው። ስለዚህ ያው ፕሮሰሰር በአንድ ቀጭን ላፕቶፕና በአንድ ወፍራም ላፕቶፕ ውስጥ የተለያየ ፍጥነት ይኖረዋል፤ ቻርጀሩ ሲነቀልም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ይህን በራስ ላፕቶፕ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ጌሙን በመስኮት ከፍቶ የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ከጎኑ ያድርግና በመጀመሪያው ደቂቃና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚታየውን ጊጋኸርዝ ያነጻጽር። ቁጥሩ ወርዶ ፍሬሙም አብሮት ከወረደ፣ የፋኑን መተንፈሻ ከአቧራ ማጽዳትና የላፕቶፑን የኋላ ጠርዝ ከጠረጴዛው ከፍ ማድረግ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።