መዙዛ፦ የአይሁድ ቤት መቃን ላይ ያለችው ብራና

የአይሁድ ቤት ሲገቡ በስተቀኝ መቃኑ ላይ የጣት ርዝመት ያላት ጠባብ ማህደር ተመትታ ያያሉ። መዙዛ ትባላለች። ብዙዎች ሲገቡና ሲወጡ በእጃቸው ነክተው እጃቸውን ይስማሉ። ማህደሯ ከብርም ትሠራ ከፕላስቲክ፣ ሕጉ ብዙም አያሳስበውም። ዋናው ነገር ውስጧ የተጠቀለለው ብራና ነው።

ብራናው ላይ ከዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 11 ሁለት ክፍሎች ይጻፋሉ። ቃሉን በቤትህ መቃን ላይ ጻፈው የሚለው ትእዛዝም እዚያው ውስጥ ነው። ጽሑፉ በተለምዶ 22 መስመር፣ 713 ፊደል ነው። ሶፌር የሚባለው ጸሐፊ በብዕርና በጥቁር ቀለም በእጁ ይጽፈዋል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሁለት ፊደል ከተነካካ ብራናው አይሆንም። አንድ ፊደል ከተዘለለም በኋላ ተመልሶ መሰካት አይቻልም፤ ፊደሎቹ በተራቸው መጻፍ አለባቸውና። ወረቀት ላይ የታተመማ ጭራሽ አይቆጠርም። እርጥበትና ሙቀት ቀለሙን ስለሚጎዳው የቤት መዙዛ በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ ወርዶ ይመረመራል።

አሰቃቀሉ ላይ አያትና የልጅ ልጅ አልተስማሙም። አያትየው ራሺ የተባለው የአይሁድ ሊቅ ቀጥ ብላ ትቁም አለ። የልጅ ልጁ ራቤኑ ታም ደግሞ ጋደም ትበል አለ። አሽከናዞች፣ ማለትም የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች፣ ሁለቱንም ላለማስቀየም ይመስላል ዘንበል አድርገው ይሰቅሏታል። ሴፋርዶች፣ ማለትም ዘራቸው ከስፔንና ከፖርቱጋል የሆነ አይሁዶች፣ ግን ቀጥ ያደርጓታል። ሽንት ቤትና መታጠቢያ ቤት በር ላይ አትደረግም።

ቤት ትጠብቃለች የሚል እምነት ሰፊ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የአይሁድ ሕግ ሊቅ ራምባም (ማይሞኒደስ) ግን ብራናው ውስጥ የመላእክት ስም የሚጨምሩትን አምርሮ ነቅፏል። ትእዛዙን ክታብ አደረጉት ባይ ነው።

አዲስ ቤት ሲገባ መዙዛ ተባርካ ትሰቀላለች፣ መዝሙረ ዳዊት ይነበባል፣ ድግስም አይቀርም። አሽከናዞች ዳቦና ጨው ይዘው ይመጣሉ። ከመግቢያው ትይዩ ደግሞ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ግድግዳ ሳይለሰን የሚተዉ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ70 ዓ.ም. ለፈረሰው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ መታሰቢያ ነው።

ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ የኖሩት ቤተ እስራኤሎች አገር ቤት ሳሉ መዙዛ የመስቀል ልማድ አልነበራቸውም። እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው በራቸው ላይ የተለመደችው።

ከእስራኤል ውጭ ቤት የተከራየ ሰው ለመስቀል 30 ቀን ፋታ አለው። ሲለቅ ግን ተረካቢው አይሁዳዊ ከሆነ ነቅሎ መሄድ አይፈቀድለትም። ዋጋዋን መጠየቅ ይችላል።