ፖሙን ያልበላው ገበሬ

ወገኖች፣ 2ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ ጳውሎስ ሦስት ሰዎች ይጠቅሳል። ወታደር፣ በጨዋታ የሚታገል፣ ገበሬ። ስብከቱ ብዙ ጊዜ ወታደሩ ላይ ያልቃል። ደማቅ ነገር ስለምንወድ ይመስለኛል። ገበሬው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ደርሶት ይታለፋል፦ "የሚደክመው ገበሬ ፍሬውን ከሚበሉት መጀመሪያ እንዲሆን ይገባዋል።" ዛሬ ገበሬም ወታደርም የነበረ አንድ ሰው ላንሳላችሁ፣ ምክንያቱም ይህ ቁጥር 6 በእሱ ላይ ሲነበብ በቀላሉ አሜን የሚባል አይደለም።

ሰውየው ጎርደን ፍላወርዲው ይባላል። በ1885 እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1903 ካናዳ ገባ፣ መጀመሪያ ሳስካችዋን አረሰ፣ ከዚያ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ዋልሃቺን የምትባል መንደር ሰፈረ። ቦታው ደረቅ ሸለቆ ነው። ሰዎቹ ከሩቅ በእንጨት ቦይ ውኃ እየሳቡ ፖም ያለሙ ነበር። ፖም ደግሞ እንደ ጎመን አይደለም፣ ተክለኸው ዓመታት ትጠብቃለህ። ገና ዛፉ ሳይጠና በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና የመንደሩ ወንዶች አብዛኞቹ ዘመቱ። ፍላወርዲውም ሎርድ ስትራትኮናስ ሆርስ በሚባለው የካናዳ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ከበታች ማዕረግ ጀምሮ በ1916 መኮንን ሆነ።

ማርች 1918 ላይ ጀርመኖች በትልቅ ማጥቃት ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለችው ወደ አሚያን ከተማ እየገፉ ነበር። አሚያን የባቡር መገናኛ ስለሆነች እሷ ከተያዘች ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ማርች 30 የካናዳ ፈረሰኞች ከከተማዋ ብዙም ወደማይርቀው የሞሬይ ጫካ ተላኩ። መቶ አለቃ ፍላወርዲው ጓዱን፣ ማለትም የሚመራውን የፈረሰኛ ክፍል፣ ይዞ ጫካውን ሲዞር በሁለት ረድፍ የቆሙ የጠላት ወታደሮች ፊት ለፊት ገጠሙት፣ በየረድፉ 60 ያህል፣ መትረየስም አላቸው። ፈረስና ሰይፍ ይዞ መትረየስ ላይ! ጋልቦ ገባባቸው፣ ሁለቱንም ረድፍ አልፎ ተመልሶ ደገማቸው። በኋላ የተሰጠው የቪክቶሪያ ክሮስ (የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ) የሽልማት ጽሑፍ ከጓዱ 70 በመቶ ያህሉ እንደተጎዳ፣ እሱም ሁለቱንም ጭኖቹን ተመትቶ ሰዎቹን ማበረታታት እንዳላቆመ ይናገራል። በማግስቱ ሞተ። 33 ዓመቱ ነበር።

ጦርነትን ላወድስ አይደለም ይህን የጻፍኩት። እዚያ በሰይፍ የወደቁት ጀርመኖችም እናት ነበራቸው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ገበሬ ፍሬውን መቼ በላ?

አልበላም። ዋልሃቺን ራሷም አልቆየችም፣ ከጦርነቱ በኋላ ሰፋሪዎቹ ጥለዋት ሄዱ፣ እርሻው ደረቀ። በዚያው ጓድ ውስጥ ፍሬድሪክ ሃርቪ የሚባል ሌላ መቶ አለቃ ነበረ፣ እሱም ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸላሚ። ያን ቀን በእግር ሆኖ ጫካው ውስጥ ተዋጋ፣ ተረፈ፣ እስከ 1980 ኖረ። አንድ ጓድ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት መጨረሻ። እኛ ቤት ቢሆን ሃርቪን መድረክ አውጥተን "ጌታ የታመነውን ያተርፋል" እናስብለው ነበር። የፍላወርዲው እናት ከታች ተቀምጣ ምን እንደምትሰማ ግን አናስብም። የምስክርነት ፕሮግራሞቻችን ይህ ችግር አለባቸው፣ እውነቱን እንነጋገር።

ጳውሎስ እንዲህ አላስተማረም። ደብዳቤውን ሲጽፍ በሰንሰለት ታስሮ ነው፣ ሞቱም እንደቀረበ ያውቃል። ራሱ የዘራውን ሁሉ አላጨደም። ታዲያ "ይገባዋል" የሚለውን ከየት አመጣው? ሁለት ቁጥር ዝቅ በሉ። ቁጥር 8፦ "ከሙታንም የተነሣውን ኢየሱስ ክርስቶስን አስብ።" ወታደሩም ታጋዩም ገበሬውም እዚህ ላይ ነው የቆሙት። ትንሣኤ ከሌለ የገበሬው ተስፋ ባዶ ቃል ነው፣ ጳውሎስም ይህን ሳይሸፋፍን ተናግሮታል፦ "በዚች ሕይወት ብቻ ክርስቶስን ተስፋ ያደረግን ከሆነ፥ ከሰው ሁሉ ይልቅ ምስኪኖች ነን" (1ኛ ቆሮ. 15፥19)።

እና ይህን ስጽፍ አንድ ነገር አየሁ። በ1918 ምዕራባውያኑ ትንሣኤን ያከበሩት ማርች 31 ነበር። ሞሬይ ላይ የተዋጉት ቅዳሜ ነው፣ ፍላወርዲው የሞተው በትንሣኤ እሑድ። ከዚህ ተነስቼ ስለ እሱ ነፍስ ምንም አልልም፣ ያ የጌታ ነው። ግን በዚያ እሑድ ጠዋት በየአብያተ ክርስቲያናቱ "ተነሥቷል" ሲባል ልጃቸው ግንባር ላይ ያለ ወላጆች እንዴት አድርገው እንደሰሙት አስቡ። ቃሉን ጌጥ አድርገው አልሰሙትም።

ስለዚህ ለዓመታት ያስተማራችሁት ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ከወጣ፣ የጸለያችሁለት ሰው ካልተፈወሰ፣ ያገለገላችሁበት ኅብረት ከተበተነ፣ እምነት ስላነሳችሁ ነው የሚላችሁን አትስሙ። በዚህ ሳምንት 2ኛ ጢሞቴዎስ 2ን ከቁጥር 1 እስከ 13 ሳታቋርጡ አንብቡት፣ ከዚያ 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን ጨምሩ። በቁጥር 58 ላይ ደግሞ ቆም በሉ፣ "ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳይሆን አውቃችሁ" የሚለው ከሃምሳ ሰባት ቁጥር የትንሣኤ ትምህርት በኋላ የመጣ ነው።