ገመድ አልባ አድ ሆክ ኔትወርክ፦ ደኅንነትና የአጠቃቀም ሂሳብ በወሎ ተራሮች መካከል

ገመድ አልባ አድ ሆክ ኔትወርክ ማለት ማማና ማዕከላዊ ጣቢያ ሳይጠበቅ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው መልእክት እየተቀባበሉ የሚመሠርቱት መረብ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ፣ በሙያው አጠራር አንጓ፣ የራሱን ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ይልካል፤ የጎረቤቱንም ያሳልፋል። ነገሩ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ እናጭዳለን፣ ነገ የኔን። በወንፈል ግን የመጣውና የቀረው በዓይን ይታያል። በአየር ላይ የሰው ፓኬት ተቀብሎ የጣለ አንጓ አይታይም። ደኅንነትና ሂሳብ በዚህ ኔትወርክ ተነጣጥለው የማይነሡት ለዚህ ነው፤ ቆጣሪው በተጠቃሚው እጅ፣ መንገዱ ደግሞ በማይታወቅ ሰው ጣሪያ ላይ ነው።

ዘዴው የተወለደው በአሜሪካ መከላከያ ምርምር ተቋም ድጋፍ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ «ዓ.ም.» ከተባለውና ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) በተሞከረው የፓኬት ሬዲዮ ነው። የኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አካል በ1997 የሥራ ቡድን አቋቋመለት፤ ኤኦዲቪና ኦኤልኤስአር የተባሉት የመንገድ መፈለጊያ ፕሮቶኮሎች በ2003 ታተሙ። ለዋይፋይ የተዘጋጀው የሜሽ (የመረብ) ደረጃ፣ 802.11ኤስ፣ በ2011 ጸደቀ።

መሬቱና ዝላዩ

ደሴ በጦሳና በአዝዋ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ከደሴ መሃል በቀጥታ አትታይም። ከአምባሰል እስከ ላስታ ያለው አገርም እንዲሁ ገደልና አምባ የተፈራረቀበት ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ አንጓ ሸንተረር ላይ መውጣት አለበት።

ለ5 ኪሎ ሜትር መስመር በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ሞገዱ የሚፈልገው ባዶ ቦታ ከመሃል መስመሩ 12.5 ሜትር ያህል ራዲየስ አለው፤ በ5.8 ጊጋኸርዝ 8 ሜትር ነው። ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው ክፍት መሆን አለበት። ዘንድሮ ጥርት ብሎ የሚታይ መስመር ከጥቂት ክረምት በኋላ በባሕር ዛፍ ሊዘጋ ይችላል፤ የሚገጥም ሰው የዛፉን የዛሬ ቁመት ሳይሆን የሚደርስበትን ያሰላል። በዚያው 5 ኪሎ ሜትር በ2.4 ጊጋኸርዝ በአየር ላይ የሚባክነው 114 ዴሲቤል (የምልክት ኃይል ልዩነት መለኪያ) ነው። 20 ዲቢኤም (100 ሚሊዋት) የሚልክ መሣሪያ በሁለቱም ጫፍ 14 ዴሲቤል የሚያጎላ አንቴና ካለው ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው −66 ዲቢኤም ይሆናል፤ ለመልካም ግንኙነት ይበቃል።

ዝላይ፣ ማለትም ከአንጓ ወደ አንጓ መሻገር፣ በበዛ ቁጥር ፍጥነት ይወርዳል። አንድ ሬዲዮ በአንድ ቻናል ሲቀበል መላክ አይችልምና 30 ሜጋቢት በሰከንድ የነበረው በሁለት ዝላይ ወደ 15፣ በሦስት ወደ 10 ይጠጋል። ይህን ሳያውቅ ፓኬጅ በሜጋቢት ፍጥነት ልክ የሚሸጥ ሰው ከጭቅጭቅ አይወጣም።

የሸንተረሩ አንጓ ኃይል የሂሳቡም መነሻ ነው። 8 ዋት የሚበላ መሣሪያ በቀን 192 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። 12 ቮልት 40 አምፔር ሰዓት ያለው የሊቲየም ባትሪ ሁለት ቀን ከግማሽ ያቆየዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ሲወርድ ጠቃሚውን ፀሐይ በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ብሎ ማስላት ይሻላል፤ ያኔ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሶላር ያስፈልጋል። ይህን ወጪ የቻለ ሰው የሌላውን ፓኬት በነፃ ያሳልፍ ማለት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

የሚመጣው ጥቃት

በኤኦዲቪ መንገድ የሚፈልግ አንጓ ለሁሉም ጥያቄ ይበትናል፤ መልስ የሚሰጠው አንጓ መንገዱ ትኩስ መሆኑን በተከታታይ ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ካልተፈረመ ማንም ከፍ አድርጎ ይጽፈዋል። «ጥቁር ጉድጓድ» የሚባለው ጥቃት ይኸው ነው፦ ሐሰተኛው አንጓ ትልቅ ቁጥር ይጠራል፣ የሰፈሩ ትራፊክ ሁሉ ወደ እሱ ይጎርፋል፣ እሱም ይጥለዋል ወይም ያነብበዋል። ሌላው ጥቃት ሁለት ተባባሪዎች በድብቅ መስመር ተያይዘው ሩቁን ቅርብ የሚያስመስሉበት ነው። ይህኛው ቁልፍ ሳይሰርቅም ይሠራል፤ የሰሙትን ሳይቀይሩ ማሻገር ብቻ ይበቃልና ምስጠራ ብቻውን አያቆመውም። በ2002 የቀረበው አሪያድኔ የመንገድ መልእክቶችን በቀላል ምስጢራዊ ኮድ ያረጋግጣል፤ ለድብቁ መስመር ግን ፓኬቱ የተጓዘበትን ጊዜ ወይም ርቀት የሚለካ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል።

ራስ ወዳዱ አንጓ ከሁሉም ይበዛል። ጠላት አይደለም፤ ባትሪውን የሚቆጥብ ጎረቤት ነው። በ2000 የቀረበው «ጠባቂ ውሻ» የተባለ ዘዴ፣ አንጓው ፓኬት ከሰጠ በኋላ ጎረቤቱ በእርግጥ ማሳለፉን በጆሮው እንዲያዳምጥ ያደርጋል። በመማሪያ መጽሐፍ ያማረ ነው፤ በወሎ ሸንተረር ግን ይከሽፋል። አቅጣጫ ያለው አንቴና ወደ ሐይቅ ከተማ ሲያዞር ከኋላው ያለው ደሴ አይሰማውምና ታማኙ አንጓ በሐሰት ይከሰሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ማዳመጥ ትቶ ከመድረሻው የሚመለስ የተፈረመ ማረጋገጫ መጠቀም ይሻላል። ለአንጓዎች እንደ ጠባያቸው መልካም ወይም መጥፎ ስም የሚሰጥ ሥርዓትም ቅሬ (እድር) አባሉን እንደሚያውቀው አንጓዎቹን ማወቅ አለበት። አንድ ሰው በአንድ ላፕቶፕ ሃያ ስም ይዞ መግባት ከቻለ ምስክርነቱ ዋጋ የለውም።

በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው ከዚህ ቀላል በሆነ ነገር ነው፦ ለመላው ኔትወርክ አንድ የይለፍ ቃል። ከተራራ ላይ አንድ ራውተር ተሰርቆ ሲከፈት የሁሉም ቁልፍ አብሮ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ አንጓ የራሱን የምስክር ወረቀት (ማንነቱን የሚያረጋግጥ የተፈረመ ዲጂታል ሰነድ) መስጠት፣ የተሰረቀውን ከዝርዝር መሰረዝ፣ ወረቀቶቹን የሚፈርመውን የሥር አካል ቁልፍ ደግሞ ከኔትወርኩ ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የአስተዳዳሪው ገጽ በተጠቃሚው ዋይፋይ በኩል መከፈት የለበትም።

ሂሳቡ፦ ማን ለማን ይከፍላል

የመጀመሪያው ታዋቂ ሐሳብ በስዊዘርላንድ በ2000 እና 2001 የቀረበው «ነግሌት» ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ የማይነካ ቆጣሪ ይቀመጣል፤ የራስህን ፓኬት ስትልክ በመሃል ባሉት አንጓዎች ልክ ይቀነሳል፣ የሰው ስታሳልፍ አንድ ይጨመራል። ድክመቱ የአቀማመጥ ነው። ሸንተረር ላይ ያለው ሁሉ የሚያልፍበት ስለሆነ ይበለጽጋል፤ ገደል ጫፍ ያለች መንደር ማንም በእሷ በኩል አያልፍምና ቆጣሪዋ ባዶ ይቀራል፤ ጥፋቷ ግን ዳር መወለዷ ብቻ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ አንጓ ሳምንታዊ መነሻ መስጠትና ለተጠራቀመው ጣሪያ ማበጀት ነው። የማይነካ ነው የተባለው ቆጣሪም ማንም ሰው እቤቱ ወስዶ የሚፈታው ዕቃ ውስጥ መሆኑ አይረሳ።

በ2003 የቀረበው ስፕራይት የማይነካ ዕቃ አይጠይቅም። አንጓው ላሳለፈው መልእክት ደረሰኝ ይይዛል፤ መስመር ሲያገኝ ለማዕከላዊ ሂሳብ አጣሪ ያስገባል፤ ክፍያው ከላኪው ይቆረጣል። እዚህ የሚፈራው ሽርክና ነው፦ ሁለት ወዳጆች ፓኬት ሳያሳልፉ ደረሰኝ ይካፈላሉ፣ ወይም አጭሩን መንገድ ትተው ለገቢ ሲሉ ያዞሩታል።

ለተደጋጋሚ አነስተኛ ክፍያ የሃሽ ሰንሰለት ይስማማል። ተጠቃሚው አንድ ምስጢር ወስዶ በኤስኤችኤ-256 (ከውጤቱ ተነሥቶ መነሻውን ማግኘት በማይቻልበት ቀመር) አንድ ሺህ ጊዜ ይፈጫል፣ የመጨረሻውን ውጤት ፈርሞ ይሰጣል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሜጋባይት አንድ እርምጃ ወደኋላ እየገለጠ ይከፍላል። እያንዳንዱ ቀለበት 32 ባይት ስለሆነ ሺውም በ32,000 ባይት ውስጥ ያድራል። ፊርማ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከፋዩ ቢጠፋ አሳላፊው የሚከስረው ከአንድ ሜጋባይት አይበልጥም፤ አሳላፊውም ያልተሰጠውን ቀለበት መፍጠር አይችልም።

እውነቱን ለመናገር እነዚህ በአብዛኛው በጥናት ወረቀትና በሙከራ የቀሩ ናቸው። ለወሎ ሁኔታ የሚያዋጣው ድቅሉ ነው፦ የውጭው ዳታ ወደ ኢንተርኔት መውጫው ላይ ይቆጠር፤ አሳላፊው ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዳታ ይካስ። በውስጥ ለውስጥ የሚሄድ መልእክት በነፃ ቢሆን ይሻላል፤ መውጫው ሲቋረጥ የሚቀረው እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በጦርነቱ ምክንያት ሰፊው የወሎ ክፍል ከስልክና ከኢንተርኔት በተቆረጠበት ጊዜ ምን ይጎድል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም።

መውጫው ላይ የሚሳሳተው

የተለመደው መሣሪያ ራዲየስ (RADIUS) የተባለው የመግቢያ ማረጋገጫና የሂሳብ ፕሮቶኮል ነው፤ ማረጋገጫው በፖርት 1812፣ ሂሳቡ በ1813። ባይት የሚቆጥረው መስክ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ 4,294,967,296 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስንት ጊዜ ወደ ዜሮ እንደተመለሰ የሚቆጥረው፣ ጊጋወርድ የተባለው ተጨማሪ መስክ ካልተነበበ 5 ጊጋባይት የተጠቀመ ሰው 1 እንደተጠቀመ ይመዘገባል። መብራት ሲጠፋ የመዝጊያ መልእክት አይላክም፤ ስለዚህ በየ10 ደቂቃው ጊዜያዊ ሪፖርት ይላክ፣ አገልጋዩም ሁለት ሪፖርት የቀረበትን ክፍለ ጊዜ በመጨረሻው ቁጥር ይዝጋ።

ቆጣሪው ከምስጢራዊው ዋሻ (ከተመሰጠረው መስመር) ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚቆጥረው? እንዲህ ያለ ዋሻ የሚሠራው ዋየርጋርድ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 60 ባይት ያክላል። ለፊልም እዚህ ግባ አይባልም፤ ለድምፅ ጥሪ ግን ፓኬቱ ራሱ 60 ባይት ሊሆን ስለሚችል ሂሳቡ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በአየር ላይ ጠፍቶ ዳግም የተላከውም ሁለት ጊዜ መቆጠር የለበትም።

ካርድ ሸጦ ደንበኛውን በማክ አድራሻ (በመሣሪያው የዋይፋይ መለያ ቁጥር) መለየት ቀላልና ደካማ ነው። አድራሻው በምስጠራም ውስጥ በግልጽ ይጓዛል፤ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የተቀመጠ ሰው የጎረቤቱን ቀድቶ በሌላው ሂሳብ ሊጠቀም ይችላል። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ራሳቸው አድራሻ ስለሚቀያይሩ ምንም ያላጠፋ ደንበኛ «ካርዴን በላብኝ» ብሎ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና ቁልፍ መስጠት ሁለቱንም ይፈታል። ባለ 8 አሃዝ ካርድም አጭር ነው፦ 1,000 ያልተጠቀሙ ካርዶች ካሉ በአማካይ በ100,000 ግምት አንዱ ይገኛል፤ በሰከንድ 10 የሚሞክር ፕሮግራም ከሦስት ሰዓት በታች ይጨርሰዋል። አሃዙን 12 ማድረግና ሙከራውን በአንጓ ደረጃ መገደብ ይገባል።

አገልግሎቱን በክፍያ ለሕዝብ ማቅረብ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። የሂሳብ መዝገቡ ማን መቼ በማን በኩል እንደተገናኘ ስለሚያሳይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይነካዋል፤ ለክፍያ የማያስፈልገውን አለመያዝ ነው።

የቀረው ሰዓት ነው። ርካሽ ራውተር የራሱ የሰዓት ባትሪ የለውም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወደ 1970 ሊሄድ ይችላል። ያኔ የምስክር ወረቀቱ «ገና አልጸናም» ይባልና አንጓው መረቡን መቀላቀል ያቅተዋል፤ የያዘው ደረሰኝም ቀኑ የተበላሸ ይሆናል። በእጅ የሚያስተካክል ሰው የኢትዮጵያን ዓመት ካስገባም 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ነው፣ ውጤቱ ያው። የሰዓት ባትሪ ያለው መሣሪያ ሸንተረሩ ላይ ይቀመጥ፣ ሌሎቹ ከእሱ ይውሰዱ። የጊዜ ቀጠናው ሳይስተካከል የተተወ አገልጋይ ደግሞ የቀን ፓኬጁን የሚያድሰው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።