የዩኒቨርሲቲ ምርምርና ተማሪዎቹ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ዩኒቨርሲቲ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ክፍል፣ ፈተናና ምረቃ ነው። ምርምሩ የፕሮፌሰሮች ጉዳይ ይመስለናል። ግን ትልልቅ የሚባሉትን ግኝቶች ቀረብ ብሎ ላያቸው፣ መሣሪያውን ሲያስተካክልና ቁጥሩን ሲመዘግብ የነበረው ብዙ ጊዜ ተማሪ ነው። ስለዚህ ምርምር ለማህበረሰቡ የሚሰጠውን ጥቅምና ተማሪውን ለሥራ የሚያበቃበትን መንገድ እዚህ አንድ ላይ እናያለን፤ የሆኑትም አንድ ላይ ነውና። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማስተማርና ምርምር አብረው ይሂዱ የሚለው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ በ1810 ከተመሠረተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ጋር ይያያዛል። በ1820ዎቹ ደግሞ ኬሚስቱ ዩስቱስ ሊቢግ በጀርመኗ ከተማ በጊሰን ተማሪዎቹን ቤተ ሙከራ አስገብቶ በገዛ እጃቸው ያሠራቸው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል፤ እኛ ግን በቀጥታ ወደ ቶሮንቶ እንለፍ።

በሜይ 1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግ የሚባል ወጣት ቀዶ ሐኪም ከውሻ ቆሽት የስኳር በሽታ መድኃኒት (በኋላ ኢንሱሊን የተባለውን) ማውጣት ይቻላል ብሎ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። ፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ነገሩ ብዙም ባይዋጥለትም ቤተ ሙከራ፣ ውሾችና አንድ ረዳት ሰጠው። ረዳቱ ቻርልስ ቤስት ይባላል፤ ገና 22 ዓመቱ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን መጨረሱ ነው። ከሌላ ተማሪ ጋር ማን ይቅደም ተባብለው ሳንቲም ወርውረው ዕጣው ለእሱ እንደወጣ ይነገራል። ባንቲንግ ቀዶ ጥገናውን ይሠራል፣ ቤስት የውሾቹን ስኳር ይለካል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነበር፣ በየቀኑ።

በጃንዋሪ 11፣ 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ታዳጊ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ብዙም ለውጥ አልመጣም፤ ይባስ ብሎ የተወጋበት ቦታ መገለ። ባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ ንጥረ ነገሩን የበለጠ አጣርቶ በጃንዋሪ 23 እንደገና ሲሰጥ ግን የልጁ ስኳር ወረደ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ላለ በሽተኛ የነበረው ዋና ሕክምና ምግብ መከልከል ነበር፤ ያም ሞትን ትንሽ ከማዘግየት አያልፍም። ኢንሱሊን ተገኘ ከተባለ በኋላም ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነም፦ በብዛት ለማምረት ሲሞከር ኮሊፕ ራሱ አሠራሩ ጠፍቶበት ሳምንታት ባክነዋል። በ1923 ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፓተንት መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በነፍስ ወከፍ በ1 ዶላር ሰጡት። ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው እንጂ!

ኖቤሉ በዚያው ዓመት ለባንቲንግና ለማክላውድ ተሰጠ። ባንቲንግ ገንዘቡን ለቤስት፣ ማክላውድ ለኮሊፕ አካፈሉ። የማክላውድ ድርሻ ምን ያህል ነበር የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ሩማኒያዊው ኒኮላ ፓውሌስኩ ቀድሞ ነበር የሚሉም አሉ፤ በ1921 ጽሑፉን ማሳተሙ እውነት ነው።

የተማሪ ድርሻ ሲዘለል ያየነው እዚህ ብቻ አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳ የመጀመሪያው ውጤታማ አንቲባዮቲክ የሆነውን ስትሬፕቶማይሲን በ1943 በአሜሪካው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ውስጥ ለይቶ ያወጣው የዶክትሬት ተማሪው አልበርት ሻትዝ ነው። የ1952ቱን ኖቤል ግን አማካሪው ሴልማን ዋክስማን ብቻውን ወሰደ። ሻትዝ ከዚያ በፊት ፍርድ ቤት ሄዶ በስምምነት የግኝቱ ተጋሪ መባሉን አስከብሯል። በካምብሪጅ ደግሞ የዶክትሬት ተማሪዋ ጆስሊን ቤል በ1967 ከቴሌስኮፑ የሚወጣውን ወረቀት ሜትር በሜትር በዓይኗ ስትፈትሽ ለሌላው ዓይን የማይሞላ አንዲት ትንሽ ጭረት ታየቻት፤ ፑልሳር የሚባሉት ኮከቦች የተገኙት እንዲህ ነው። የ1974ቱ ኖቤል ሲሰጥ ስሟ የለም። በ2018 ያገኘችውን የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ግን ዕድል ለማያገኙ የዶክትሬት ተማሪዎች እንዲውል ሰጥታዋለች።

ኢንተርኔትም ቢሆን ያው ነው፦ በኦክቶበር 29፣ 1969 የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት በተባለው የኮምፒውተር መረብ የመጀመሪያውን መልእክት ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የላከው ተማሪ ሲሆን፣ ሁለት ፊደል እንደላከ ሲስተሙ ወደቀ። የጎግል መነሻም የሁለት የስታንፎርድ ዶክትሬት ተማሪዎች ምርምር ነው።

እሺ፣ ኖቤል የማያመጣው ተራው ተማሪስ ምን ያተርፋል? የምርምር መዝገቡን ተመልከቱ። ቀን ይጻፋል፣ የተጠቀመው ነገር ይጻፋል፣ የወጣው ውጤት ይጻፋል። ከተሳሳተ አይፋቅም፤ የበፊቱ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል። ያልተሳካው ሙከራም ይመዘገባል። ሌላ ሰው መዝገቡን አንስቶ ያንኑ ሥራ መድገም ካልቻለ ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ይህን የለመደ ሰው ሆስፒታልም፣ ፋብሪካም፣ ባንክም ቢቀጠር ልማዱ አብሮት ይገባል። ዶክትሬት ከሚጨርሱት ብዙዎቹ ፕሮፌሰር አይሆኑምና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡ ላይ ክርክር አለ። አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የባይ-ዶል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በፌዴራል ገንዘብ የተሠራን ፈጠራ በስማቸው መያዝና ለኩባንያ መስጠት ቻሉ። ግኝቱ ከመደርደሪያ ወርዶ ሕዝብ ጋ የደረሰው በዚህ ነው የሚሉ አሉ፤ ሕዝብ ለአንድ መድኃኒት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በግብር አንዴ በመድኃኒቱ ዋጋ፣ ይከፍላል የሚሉም አሉ።

ዕድሉ ለሁሉም እኩል አለመዳረሱ ግን አያከራክርም። የምርምር ረዳትነት በነፃ ከሆነ፣ ለመኖር መሥራት ያለበት ተማሪ ከበሩ ይመለሳል። በ1969 ማርጋሬት ማክቪካር በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመችው የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች የምርምር ፕሮግራም ተማሪው በክፍያ ወይም ለኮርስ ነጥብ መሥራት ይችላል።