የፕሮኾሮቭካ ታንኮች፦ ማን ስንት አጣ?

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንና የሶቪየት ታንክ ኪሳራ በተነጻጸረ ቁጥር በሩሲያ የምትገኘው የፕሮኾሮቭካ ስም መነሳቱ አይቀርም። የኩርስክ ውጊያ በተፋፋመበት ጊዜ፣ ጁላይ 12 ቀን 1943 እ.ኤ.አ.፣ የጄኔራል ፓቬል ሮትሚስትሮቭ 5ኛ የክብር ዘብ ታንክ ጦር በባቡር ሐዲድና በፕስዮል ወንዝ መካከል በተጨመቀ ሜዳ ላይ የጀርመኑን ጄኔራል የፖል ሃውሰርን 2ኛ የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል) ታንክ ኮር ፊት ለፊት አጠቃ።

የሶቪየት ትረካ ለዓመታት ውጊያውን የታላቅ ድል ምሳሌ አድርጎት ኖሯል፤ 70 ቲገር የተባሉ ከባድ ታንኮችን ጨምሮ እስከ 400 የሚደርሱ የጀርመን ታንኮች ተደመሰሱ ተባለ። ችግሩ ኮሩ በዚያ ዕለት ለውጊያ ያሰናዳቸው ቲገሮች 15 ያህል ብቻ መሆናቸው ነው። ጀርመኖች ፈጽሞ ያጧቸው ታንኮች ጥቂት ሲሆኑ፣ በርካቶች ግን ተጎድተው ወደ ጥገና ተወስደዋል። ሮትሚስትሮቭ በአንጻሩ ከ200 በላይ ታንኮችን አጥቷል። በሙሉ ፍጥነት ሲገሰግሱ የነበሩ አንዳንድ ቲ-34 የተባሉ የሶቪየት ታንኮች የገዛ ወገናቸው በቆፈረው የፀረ ታንክ ቦይ ውስጥ ገቡ። ርቀቱን ለማጥበብ መጣደፋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የቲ-34 76 ሚሊ ሜትር መድፍ ቲገርን ከፊት ለመብሳት ይቸገር ነበር።

የጀርመኖች ቁጥር ማነሱ የመሣሪያ ብልጫ ውጤት ብቻ አይደለም። የተመታ ታንክ ሁሉ የጠፋ ታንክ አይደለም፤ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ወይም ፈንጂ የረገጠ ታንክ ተጎትቶ ይጠገናል። ይህ የሚሆነው ግን ሜዳውን ለያዘው ወገን ነው። ጀርመኖች ማታ የራሳቸውን እየጎተቱ አወጡ፤ በእጃቸው የቀሩትን የሶቪየት ታንኮች ደግሞ በፈንጂ አወደሙ። በመዝገባቸውም በጥገና ላይ ያለ ታንክ ለወራት ቢቆምም ከኪሳራ አይቆጠርም ነበር። ነሐሴ ላይ ሲያፈገፍጉ ግን መጎተት ያልቻሉትን ለመተው ተገደዱ። ስለዚህ የአንድ ቀን መዝገብ ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ከሂሳቡ ግማሹን ትቷል።

ሰፋ አድርጎ ማየት ሚዛኑን አይገለብጠውም። በሩሲያ ይፋዊ አኃዝ መሠረት የሶቪየት ጦር በ1941 ብቻ 20,500 ታንኮችን፣ በኩርስክ መከላከልና እሱን በተከተሉት ሁለት የመልሶ ማጥቃት ዘመቻዎች 6,064 ታንኮችንና በራስ ተሽከርካሪ መድፎችን አጥቷል። በ1941 ብዙዎቹ በጥይት ሳይሆን በብልሽትና በነዳጅ እጦት መንገድ ዳር የቀሩ ነበሩ። ልዩነቱ መተካት ላይ ነው፤ ጀርመን በጦርነቱ ዘመን ሁሉ የሠራችው «ቲገር 1» ታንክ 1,350 እንኳን አይሞላም፣ የሶቪየት ፋብሪካዎች ግን በ1943 ብቻ ከ15,000 በላይ ቲ-34 አውጥተዋል።

ስታሊን በፕሮኾሮቭካው ኪሳራ ተቆጥቶ ከቅርብ ሹማምንቱ አንዱ በነበረው በማሌንኮቭ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ላከ። ሮትሚስትሮቭ ግን ከዚያ ተርፎ በ1962 የብረት ለበስ ኃይሎች ዋና ማርሻል ለመሆን በቃ።