በይግባኝ ላይ የሟች ወራሾች መተካት ምንድን ነው?

የፍትሐ ብሔር ክርክር በይግባኝ ላይ እያለ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ቢሞት መዝገቡ አብሮት አይቀበርም። ወራሾቹ በእሱ ቦታ ገብተው ክርክሩን ይቀጥላሉ፤ መተካት የሚባለው ይህ ነው። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም ብዙ ቤተሰብ መብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

መሠረቱ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 826 ነው። ሰው ሲሞት ውርሱ ይከፈታል፤ በሞቱ ከሚቀሩት በስተቀር መብቱና ግዴታው ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። ስለዚህ የቤት ሽያጭ ወይም የብድር ክርክር ይተላለፋል። የፍቺ ጥያቄ ግን አይተላለፍም፤ ጋብቻውን ሞት ራሱ አፍርሶታልና። ከዚያው ጋብቻ የሚነሳው የንብረት ድርሻ ክርክር ግን ለወራሾች ይተርፋል።

በቤት ሽያጭ ክርክር የተረቱ አባት ይግባኝ ብለው፣ ቀጠሮ እየጠበቁ ሳለ አረፉ እንበል። ቤቱ ሐዘን ላይ ነው፤ አርባው ሳይወጣ ስለ ችሎት ማንሳት ነውር የሚመስለው ብዙ ነው። ጠበቃው አለ ብሎ መዘናጋትም አለ። ውክልና ግን በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ይቀራል፤ ያ ጠበቃ ከወራሾቹ አዲስ ውክልና ካልተቀበለ ስለማን ብሎ ይቆማል? በቀጠሮው ቀን ሟቹን ወክሎ የሚቀርብ ከሌለ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሞቱን ለፍርድ ቤቱ በቶሎ ማሳወቅ ሐዘኑን ማቃለል አይደለም፤ ሟቹ የደከሙበትን ነገር መጠበቅ ነው።

ለመተካት በዋናነት የሚፈለገው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው፤ የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 996 ወራሹ ይህን ከፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የሞት ምስክር ወረቀትም ይያያዛል። ማረጋገጫው ጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ ማመልከቻው መቅረቡን ገልጾ ከይግባኙ ችሎት ቀጠሮ መጠየቅ ይሻላል። ከወራሾቹ አንዱ ውጭ አገር ካለ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ልኮ እዚህ ያለው እህቱ ወይም ወንድሙ እንዲከራከርለት ማድረግ ይችላል።

የሞተው መልስ ሰጪው፣ ማለትም ይግባኝ የተባለበት ወገን፣ ከሆነ ሸክሙ ወደ ይግባኝ ባዩ ይዞራል። ወራሾቹን አፈላልጎ እንዲተኩና መጥሪያ እንዲደርሳቸው ማመልከት አለበት። ሞቱን እያወቁ ዝም ብሎ በሟች ስም ፍርድ ማሰጠት ኋላ ላይ አፈጻጸሙን ያበላሻል።

ተተኪው አዲስ ክርክር አይጀምርም። ሟቹ በሥር ፍርድ ቤት ያመነውን መካድ አይችልም፤ ክርክሩን ካለበት ይረከባል። ቢረታም የሚጠየቀው ከውርሱ በደረሰው መጠን ነው። ወንድማማቾች በድርሻ ቢጣሉ ያንን የይግባኙ ችሎት አይፈርድላቸውም፤ የውርስ ክርክር ሌላ መዝገብ ነው።

ተከራካሪው ከፍርድ በኋላ፣ ይግባኝ ከመባሉ በፊት ከሞተ ግን መተካት ሳይሆን ወራሾቹ ራሳቸው ይግባኙን ማቅረብ አለባቸው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። ካለፈም በቂ ምክንያት እስካለ ድረስ በአንቀጽ 326 መሠረት ማስፈቀጃ ይጠየቃል፤ ሞትና የወራሽነት ማረጋገጫው መዘግየት በማስረጃ ተደግፈው የሚቀርቡት እዚያ ላይ ነው።